የሰረቀውና የፋቀው፤ ስለ ጽሑፍ ባለቤትነት ከሐይቅ እስከ ወልድያ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ በ120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን በየተራ ያልፋል። ሐይቅ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ናት። ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ የተደረገው ውል በስሟ የተጠራባት ናት። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ስትሆን ወልድያ ጥንት የየጁ አውራጃ፣ ዛሬ ደግሞ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። በየጁ ምድር ዳና የተባለው የታወቀው የእስልምና ትምህርት ስፍራ አለ፤ ከወልድያ ወደ ምዕራብ ደጋውን ወጥቶ ለተጓዘም በቅኔዋ የምትጠራው ዋድላ ትገኛለች። እንግዲህ በዚህ አንድ መንገድ ዙሪያ ሰው ስለ ጽሑፍና ስለ ጸሐፊ ያበጀው ልዩ ልዩ ሥርዓት ተከማችቶ ይገኛል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሥርዓት የጽሑፍን ባለቤትነት እንዴት ይጠብቅ እንደ ነበረ ማሳየት፣ ከዚያም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ማሽን የሊቃውንትን ጽሑፍ እያነበበ በሚናገርበት በዛሬው ዘመን የቅጂ መብት የተባለው ሕግ የቱን ጠብቆ የቱን እንደሚተው መመርመር ነው።

ይህን ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ነገር መጠኑ ትንሽ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ በሀብሩ ስለሚደረገው የአበጋር እርቅ የጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ለእርማት አመጣልኝ። አበጋር በወሎ ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቅ፣ ሹመቱም ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሽማግሌ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በረቂቁ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ የገዳይና የሟች ቤተ ዘመዶች ለእርቅ ከመቀመጣቸው በፊት አበጋሩ የሚያቀርብላቸውን ጥያቄዎች ቅደም ተከተል የሚያትት አንድ አንቀጽ አገኘሁ። ያን ቅደም ተከተል አውቀው ነበር፤ ከስምንት ዓመት በፊት በውጭ አገር ስማር በአንድ መጽሔት ያሳተምሁት ነውና። ቃሉ የእኔ አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ከነአካሄዱ የእኔ ነበረ። በግርጌው የተጠቀሰው ምንጭ ደግሞ መጽሔቱ በእውነት ያለ፣ ቅጹም የታወቀ ሆኖ፣ ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ የሌለ ነበረ። ተማሪው ሲጠየቅ አልደበቀም። «መምህር፣ ማሽኑን ጠይቄው የሰጠኝ ነው፤ ምንጩንም ራሱ ነው የጻፈልኝ» አለኝ።

በዚያን ቀን የተሰማኝ ቁጣ ነው። ነገር ግን ቁጣው ሲበርድ «ለመሆኑ የተወሰደብኝ ምንድን ነው?» ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልሱን ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ጽሑፌ እስካሁን በቦታው አለ። ቃል በቃል አልተገለበጠም። ገንዘብም አልቀረብኝም፤ ከዚያ መጽሔት ቀድሞም ቢሆን አንድ ሳንቲም አላገኘሁበትም። የጠፋው ስሙ ብቻ ነው። የስም መጥፋት በሕግ ፊት ስንት ይመዝናል? ወደ ሐይቅ የመለሰኝ ይህ ጥያቄ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. ከ1248 ጀምሮ በ1292 እስካረፉ ድረስ የሐይቅን ገዳም ሲመሩ የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት አደረጉት። የገዳሙን አበምኔቶች ታሪክ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ጥናት በሰፊው ተርከውታል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈውና በኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራው ወንጌል ነው። ይህ መጽሐፍ ከወንጌሉ ቃል ሌላ ለገዳሙ የተሰጡትን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። አንድ የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረውን ሀብት ቆጥሮ በስም መዝግቦ መተው በራሱ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ዝርዝሩ የተጻፈበትን ምክንያት ማሰብ ከዚያ ይበልጣል። መጽሐፍ በዝርዝር የሚገባው እንዳይጠፋ ነው፤ ሰጪውም በስም የሚጠራው እንዳይረሳ ነው።

የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሁሉ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የሚጻፈውን ግዝት ያውቀዋል። ግዝቱ በየአጥቢያው መልኩ ይለያይ እንጂ ሁለት ሰዎችን አጥብቆ ይረግማል፤ ይኸውም መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን ነው። እኔ ይህን ግዝት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ሁለቱን ቃላት ለማጽናት ያህል የተደገሙ አንድ ነገር አድርጌ እቆጥራቸው ነበር። እንደዚያ አይደለም። ስርቆት በመጽሐፉ አካል ላይ የሚደረግ በደል ነው፤ ቆዳውና ቀለሙ ከባለቤቱ ቤት ይወጣል። መፋቅ ግን መጽሐፉን በቦታው ትቶ በላዩ የተጻፈውን ስም በምላጭ ማንሣት ነው። (የብራና ሥራ ራሱ በመፋቅ ይጀመራል፤ የፍየሉ ቆዳ ተወጥሮ ተፍቆ ነው ገጽ የሚሆነው። የሚጠፋውም ስም በዚያው ዐይነት ስለት መሆኑ ደብተራዎችን ሳያስቃቸው የቀረ አይመስለኝም።)

አሁን ልብ ልንለው የሚገባን ግዝቱ የማይጠቅሰውን ሦስተኛውን ሰው ነው። የገለበጠውን አይረግምም። በጥንቱ ሥርዓት መጽሐፍ ለመገልበጥ ማውጣትና ማዋስ የጽድቅ ሥራ ነበረ፤ ቁም ጸሐፊ ሌላውን መጽሐፍ ፊቱ ዘርግቶ ሲገለብጥ ማንንም አይበድልም ነበር። እንዲያውም መገልበጥ ባይኖር ኖሮ በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ከጠፋው ሁሉ በኋላ ምን ይተርፈን ነበር? እንግዲህ የእኛ ሊቃውንት ሕግ ቅጂን ነጻ ለቅቆ፣ ዕቃውንና ስሙን ብቻ የጠበቀ ነበረ ለማለት ይቻላል። ከ1710 የእንግሊዝ ሕግ ጀምሮ በአውሮፓ የተስፋፋው የቅጂ መብት ደግሞ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ የተነሣው በተቃራኒው መገልበጥን ከመከልከል ነው።

ስም ለምን እንዲህ ተጠበቀ? በመጽሐፉ መጨረሻ የጻፈውና ያጻፈው ሁለቱም የሚጠሩት አንባቢው እንዲጸልይላቸው ነው። በጸሎት መጻሕፍትና በክታቦች ውስጥ የባለቤቱ ስም የሚገባበት ስፍራ እየተለየ የሚተወው፣ አንዳንዴም «እገሌ» ተብሎ የሚታለፈው ለዚሁ ነው። ስሙ የተፋቀበት ሰው ንብረቱን ሳይሆን በሚመጣው ትውልድ አፍ ላይ የነበረውን ድርሻ ያጣል። ግዝቱ ግን ሁልጊዜ ይከበር ነበር ማለት አይደለም። በብዙ የብራና መጻሕፍት ውስጥ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ በቆሰለው ስፍራ የሌላ ሰው ስም በሌላ እጅ ተጽፎበት ይታያል። መጻሕፍትን የሚመረምር ሰው ያን ስፍራ በጣቱ ዳስሶ ያውቀዋል፤ ፍቀት ምልክት ይተዋልና።

በዳናና በሌሎቹ የወሎ የእስልምና ትምህርት ስፍራዎች ያለው ሥርዓት በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና ታሪክ ውስጥ እንደሚታየው በእነዚህ ስፍራዎች ዕውቀት ከሼኽ ወደ ደረሳ የሚተላለፈው በሰንሰለት ነው። ኪታብ የቀራ ሰው ከማን እንደቀራ፣ ያም ከማን እንደቀራ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ እንዲያስተምር የሚሰጠው ኢጃዛም ይህንኑ ሰንሰለት የያዘ ነው። ኪታቡን መገልበጥ እዚህም ነውር የለበትም። ነውሩ ሰንሰለቱን መበጠስ ነው፤ ከየት እንዳመጣው የማይናገር ዐዋቂ ዕውቀቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ አይታመንም።

የዋድላ ቅኔ ቤት ከሁለቱም የጠበቀ ነው። በቅኔ ቤት አነጋገር ቅኔ «ይዘረፋል»፤ ዘረፋ ማለትም እንደ ተራው ቋንቋ መቀማት ሳይሆን አዲስ ቅኔ ከልብ አፍልቆ ማሰማት ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ መምህሩና ጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ቅኔው ሲነገር የባለቅኔው ስም አብሮ ይነገራል፤ ለዚህም ነው ብራና ላይ ሳይሰፍሩ ለብዙ ዘመን በቃል ብቻ የኖሩ ቅኔዎች እስከ ዛሬ ከነባለቤታቸው የሚታወቁት።

እንግዲህ በእነዚህ በሦስቱ ቤቶች፣ በገዳሙ፣ በዛዊያውና በቅኔ ቤቱ፣ ዋናው ጥያቄ «ማን ገለበጠ?» ሳይሆን «የማን ነው ተብሎ ተነገረ?» የሚል ነው። የዚህን ልዩነት ክብደት ለማየት ከዚህ መንገድ ጥቂት ወደ ምዕራብ ርቀን ወደ መቅደላ እንሂድ።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ተዘረፉ። ምርኮው በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዊልያም ራይትም እ.ኤ.አ. በ1877 የሙዚየሙን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ። ይህ በግዝቱ ቃል ስርቆት ነው። ነገር ግን በመጻሕፍቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ፣ ከነግዝቱ፣ በቦታው ቀረ። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥትን በደብዳቤ ሲጠይቁ የሚጠይቁት ነገር ስም ያለው፣ ተለይቶ የሚታወቅ ነበረና አንዱ ቅጂ ተመለሰ። የተሰረቀ ነገር ስሙ ካልተፋቀ ከመቶ ዓመትም በኋላ ሊጠየቅ ይችላል፤ ዛሬ በለንደን ስላሉት ስለሌሎቹ የሚደረገው ክርክርም የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው። ስሙ የተፋቀ ነገር ግን፣ ከቤቱ ባይወጣም እንኳ፣ ጠያቂ የለውም።

በመቶ ዓመት ውስጥ መገልበጥ በእጅ መሆኑ ቀርቶ በመብራት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አነሣ። አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ የኢየሱስ ሞዐም ወንጌል በዚያ ስብስብ ቁጥር 1832 ሆኖ ይገኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ለዚህ ስብስብ ዝርዝር ሰጡ። የእርሳቸው ዝርዝር ስለ እያንዳንዱ መጽሐፍ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ የተፋቀ ስም ካለም በየትኛው ቅጠል እንደተፋቀ ይናገራል። ማሽን መሣሪያ ሆኖ ሲገባ የስም ጠባቂው ሰው አብሮ ገባ ማለት ነው።

መገልበጥን በጅምላ የሚወቅስ ሰው ወልድያን ያስታውስ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከተማይቱ በተያዘችበት ጊዜ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። የተቋም ኮምፒዩተር ከነውስጡ ሲጠፋ፣ በሌላ ስፍራ ቅጂ ያልነበረው የመስክ ማስታወሻና የተማሪ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እኔ የቅጂ ጠላት አይደለሁም፤ በዚህ አገር ውስጥ ማንም ሊሆን የሚገባው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በአገራችን የጽሑፍ ባለቤትነት በዘመናዊ ሕግ በዝርዝር የተደነገገው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ባሉት አንቀጾች ነው። እነዚህን የተካው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በአዋጁ ደራሲ የሚባለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረው ሰው ነው፤ ማሽን በዚህ ትርጓሜ ደራሲ ሊባል አይችልም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ከዚህ ሌላ አዋጁ የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ይኸውም የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ነው። የሐይቅ መነኮሳት ቢያነቡት የሚያውቁት ይህኛውን ነው።

ነገር ግን አዋጁ እንደ ሌሎቹ አገሮች ሕግ የሚጠብቀው የሐሳቡን አገላለጽ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ይህ በመሠረቱ መልካም ነው፤ ሐሳብ ቢታጠር ኖሮ ትምህርት ባልኖረ። ሆኖም ሕጉ በተጻፈበት ዘመን ሐሳብን ከአገላለጹ መለየት የሚችለው ሰው ብቻ ነበረ። ሰውም ሐሳብ ሲወስድ ከየት እንደወሰደ ያስታውሳል፤ ባይናገርም ልቡ ያውቀዋል። የዛሬው ማሽን ግን ገጹን እንዳለ እንደ ቤተ መጻሕፍት አያስቀምጥም። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቃላትን እያነበበ ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል መጠኑን ይማራል። በብዙ ስፍራ የተደጋገመውን አጥብቆ ይይዛል፤ በአንድ ሁለት ስፍራ ብቻ የተነገረውን ግን ብዙ ጊዜ ፍሬውን አስቀርቶ ስሙን ይጥላል። የሼክስፒርን ስም አይስትም። በአንድ አነስተኛ መጽሔት ስለ ሀብሩ የጻፈን ሰው ስም ግን የሚያስታውስበት ምክንያት የለውም። ምንጭ ሲጠየቅም የምንጭ አጻጻፍ መልኩን ያውቀዋልና ያንን መልክ ሞልቶ ይሰጣል። በተማሪዬ ረቂቅ ላይ ያየሁት የሌለ ጽሑፍ ከዚህ የመጣ ነው። ስሙ ተፍቆ የሌላ ስም ተጽፎበታል ማለት ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ በጣት የሚዳሰስ ቁስል አለመኖሩ ነው።

የሊቃውንት ጽሑፍ ወደ ማሽኑ የሚገባበት በር ሁለት ነው፤ አንዱ በሽያጭ፣ ሌላው ያለ ፈቃድ። እ.ኤ.አ. በ2024 የቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ ባለቤት የሆነው ኢንፎርማ የአካዳሚ ጽሑፎቹን ለማይክሮሶፍት ለማቅረብ መዋዋሉንና የመጀመሪያው ክፍያ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ዋይሊ የተባለው አሳታሚ ከእንደዚህ ያለ ውል 23 ሚሊዮን ዶላር ማግኘቱን ገለጸ። ብዙ ጸሐፊዎች ሳንጠየቅ ተሸጥን ብለው ጮኹ፤ በሕግ ግን የሚጠየቁበት ምክንያት አልነበረም፤ ጽሑፉ ሲታተም መብቱን በፊርማቸው ለአሳታሚው አስተላልፈው ነበርና። በእነዚህ መጽሔቶች ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ፣ በኢትዮጵያውያንም የተጻፈ ብዙ ነገር አለ። የሹመት እድገት የሚፈልግ የእኛ አገር መምህር በውጭ መጽሔት ማሳተም ስላለበት ያን ወረቀት ሳያነብ ይፈርመዋል። እኔም ፈርሜዋለሁ።

ስለ ሁለተኛው በር እ.ኤ.አ. በ2025 በሳን ፍራንሲስኮ የታየው ነገር ብዙ ያስተምራል። ሦስት ደራስያን አንትሮፒክ የተባለውን የማሽኑን ሠሪ ኩባንያ ከሰሱ። ዳኛ ዊልያም አልሰፕ በሰኔ በሰጡት ውሳኔ ማሽኑን በመጻሕፍት ማስተማር በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደ አጠቃቀም ነው አሉ። መጻሕፍቱን ግን ከሕገ ወጥ የኢንተርኔት ክምችት አውርዶ ማከማቸት የተፈቀደ አይደለም አሉ። ኩባንያውም በመስከረም 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ይኸውም ለ500,000 ያህል መጻሕፍት ለእያንዳንዱ 3,000 ዶላር ገደማ ነው። ይህን ፍርድ በግዝቱ ቃል ብንተረጕመው የሰረቀው ተቀጣ፤ ስለ ፋቀው ግን አንድም ነገር አልተባለም። ከካሣው የሚደርሳቸውም በአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት የተመዘገቡ መጻሕፍት ባለመብቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ታትሞ በዋሽንግተን ያልተመዘገበ መጽሐፍ በዚያው ክምችት ውስጥ ቢገኝ እንኳ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። መጽሐፍ በዝርዝር የሚገባው እንዳይጠፋ ነው ብዬ ከላይ ጽፌ ነበር።

አሳታሚዎችና የአርታዒዎች ማኅበራት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ማሽን ደራሲ ተብሎ ሊመዘገብ እንደማይችል ደንግገዋል። ምክንያታቸው ማሽን ለጻፈው ነገር ኀላፊነት ሊወስድ አይችልም የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ውጫሌም ይመሰክርለታል። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፣ በኢጣልያንኛው ሌላ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ክርክሩ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቅ ነበር፤ ተደራዳሪው ኮንት አንቶኔሊ ነበረ፣ አስተርጓሚውም ዮሴፍ ንጉሤ ነበረ። ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩት ስም ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ዛሬ ማሽን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ጽሑፍ ቃል ቢያጣምም ግን ማን ይጠየቃል? ነገር ግን ማሽኑን ከደራሲነት ማገድ የበሩን ግማሽ ብቻ መዝጋት ነው። ወደ ማሽኑ ገብተው ስማቸውን ስላጡት ሰዎች ደንቡ ዝም ይላል።

እስከዚህ ድረስ የተበደለ ሰው ሆኜ ጻፍሁ። አሁን ግን በራሴ ላይ መመስከር አለብኝ።

ቁጣዬ ከበረደ በኋላ የመስክ ማስታወሻዬን አውጥቼ ተመለከትሁት። ያ «የእኔ» ያልሁት የጥያቄዎች ቅደም ተከተል በመርሳ አጠገብ የሚኖሩ አንድ የአበጋር ቤት ሽማግሌ ከዐሥር ሰዓት እስከ መግሪብ ተቀምጠው አንድ በአንድ ያስረዱኝ ነው። በማስታወሻዬ ላይ ንግግራቸው ከነአነጋገራቸው ሰፍሯል። በታተመው ጽሑፌ ላይ ግን እርሳቸው «መረጃ ሰጪ 4፣ መርሳ» ናቸው። የተማርሁበት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ደንብ የመረጃ ሰጪዎች ስም እንዲሰወር ያዝዝ ነበር፤ ደንቡ ለክፋት አልወጣም፤ በጦርነትና በፖለቲካ ምክንያት ስማቸው ቢታወቅ የሚጎዱ ብዙ ሰዎች አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ግን በመመረቂያ ጽሑፋቸው መጨረሻ የነገሯቸውን ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜና የተነጋገሩበትን ስፍራ በሠንጠረዥ ማስፈር የቆየ ልማዳቸው ነው። እኔ ያን ልማድ ዐውቀው ነበር፤ ውጭ አገር ስሄድ ኋላ ቀር መስሎኝ ተውሁት። እንግዲህ ማሽኑ የእኔን ስም ከመፋቁ በፊት እኔ የሽማግሌውን ስም ፍቄ ነበር። ማሽኑ ያነበበው የተፋቀውን ገጽ ነው። ስሙን ሊይዝ ቢፈልግ እንኳ የሚይዘው ስም አልተውሁለትም።

የፎክሎርና የብሔረሰብ ጥናት ሰዎች ይህን ሳናስብ ብዙ ዘመን ኖረናል። የቅጂ መብት ለሰብሳቢው ተሰጠ፤ ተናጋሪው ግን ጽሑፍ ስላልጻፈ በሕጉ ዐይን ደራሲ አልሆነም። ሰብሳቢው ለመጽሔቱ አሳለፈ፣ መጽሔቱ ለአሳታሚው፣ አሳታሚው ለማሽኑ። በዳና ሰንሰለት የሚቆጠረው ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ ነው፤ የእኛ ሰንሰለት የሚቆጠረው ወደ ታች፣ ወደ ገዢው ነው። ለዚህ ነገር መድኃኒቱ በሽያጭ ውል ላይ የሚጨመር አንድ አንቀጽ ብቻ አይመስለኝም። የአገራችን መጽሔቶች የማስተላለፊያ ወረቀት ሲያስፈርሙ ለማሽን ማስተማሪያ የሚሆነውን ፈቃድ ለይተው ቢጠይቁ፣ የተናጋሪውም ስም በፈቃዱ ከጽሑፉ አርእስት ጋራ ቢታተም፣ ቢያንስ የሚፋቅ ነገር ይኖራል፤ የሚፋቅ ነገር ካለም ፍቀቱን የሚያሳይ ይኖራል። በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት የብራና መጻሕፍታችንን ዝርዝር በኮምፒዩተር ሲያዘጋጅ ጸሐፊውንና አጻፊውን ሁሉ በየስማቸው ለይቶ ይመዘግባል። ኮምፒዩተር ስም መያዝ ይችላል ማለት ነው፤ ጉዳዩ የሚፈልግ ሰው መኖሩ ነው።

ባለፈው የጥቅምት ወር ወደ መርሳ ሄጄ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። ዐይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን ዐወቁኝ። ጽሑፉን አነበብሁላቸው። «መረጃ ሰጪ 4» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። «እና ስሜን ማን ጠይቆህ ነው የደበቅኸው?» አሉኝ። ደንቡን ልነግራቸው ብጀምር «አብሽር፣ ልጄ፤ ግድ የለም» ብለው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ የሚጻፍ ከሆነ የእርሳቸው ስም ብቻውን እንዳይሆን፣ ነገሩን የሰሙት ከአባታቸው ስለሆነ የአባታቸው ስም፣ አባታቸውም የተማሩት ከአጎታቸው ስለሆነ የእርሳቸውም እንዲጨመር ነገሩኝ። ሦስቱንም ስሞች ከፊታቸው ጻፍሁ።

ከዚያ በኋላ ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጽፌ ስሞቹ በማረሚያ እንዲታተሙ ለመንሁ። መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። ማረሚያ የሚታተመው ለስሕተት ብቻ መሆኑን፣ ስም አለመጥቀሱ ደግሞ በጊዜው በነበረው ደንብ የታዘዘ ስለሆነ ስሕተት አለመሆኑን፣ የጽሑፉም የቅጂ መብት ከእኔ ዘንድ ስለሌለ በሌላ ስፍራ አሻሽዬ ላሳትመው ብፈልግ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባኝ ይገልጻል። የፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽ ሞልቼ ልኬአለሁ። ቅጹ ላይ «የሥራው ደራሲ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።